የተሰረዘችው ዘጠና አራት

ለውጭ ሥልጠና ወይም ጉባኤ የተጻፈ ደብዳቤ ከላይ ተነሥቶ መምህሩ እጅ እስኪደርስ የሚያልፍበትን መንገድ የቀመሰው ያውቀዋል። ክልል ለዞን ወይም ለከተማው ትምህርት መምሪያ ይመራዋል፤ መምሪያው ለትምህርት ቤቱ። በየደረጃው መዝገብ ቤት አለ፤ በየደረጃውም ፊርማው የሚጠበቅ፣ ለስብሰባ የወጣ ኃላፊ አለ። ናይሮቢ ለሚካሄድ የአፍሪካ የሳይንስና የሒሳብ መምህራን ጉባኤ የተጠራሁበት ደብዳቤም በዚሁ መንገድ ተጉዞ ደብረ ብርሃን ሲደርስ፣ ጉባኤው ሊከፈት ምንም ያህል አልቀረውም።

ያም ሆኖ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የፊዚክስ መምህር ነኝ። ሌላ አገር የሚያስተምር የፊዚክስ መምህር ክፍል ገብቼ አላውቅም ነበር። ሌላ አገር ይቅርና፣ ከጎኔ ባለው ክፍል የሚያስተምረውን ባልደረባዬን እንኳ ድምፁን በግድግዳ ከመስማት አልፌ ሲያስተምር አይቼው አላውቅም ነበር።

ደስታዬን ያደፈረሰው የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ የሚሄድ ሰው የክትባቱን ካርድ መያዝ አለበት፤ ካርዱ ደግሞ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ይህን ማንንም ለምኖ ማሳጠር አይቻልም፤ ሰውነት መከላከያውን ለመሥራት ጊዜ ይፈልጋል። አስተባባሪዎቹ ጋ ተደውሎ ዘግይቼ እንድገባ ተፈቀደልኝ። ርእሰ መምህራችንም፣ «የመክፈቻ ንግግር ቢያመልጥህ ምንም አይደል፤ አንተ ሥራው ላይ ድረስ» አሉኝ። እንዳሉትም ሆነ። ንግግሩ አልቆ ሥራው ሲጀመር ደረስኩ።

እኔ ደረስኩ እንጂ ሻንጣዬ አልደረሰም። አንድ ካርቶን ሙሉ ነገር አሰናድቼ ነበር፦ የከርከዴ ደረቅ አበባ፣ መርፌ የሌላቸው ሲሪንጆች፣ የተቃጠሉ አምፖሎች፣ ከአሮጌ ሬዲዮ የተነቀለ ማግኔት፣ ከላብራቶሪያችን የተዋስኩት ቴርሞሜትር። ናይሮቢ ኤርፖርት የሻንጣው ቀበቶ ዞሮ ዞሮ ባዶውን ቆመ። የአየር መንገዱ ሠራተኛ ፎርም አስሞልታኝ «ነገ» አለች። በማግስቱም «ነገ» ተባልኩ። ካርቶኑ የመጣው ጉባኤው ሊያልቅ ሲል ነው። በዚያ ላይ ከኤርፖርት ወደ ካረን ሰፈር ስንሄድ ዝናብ ያዘንና መኪናው ሁሉ መንገድ ላይ ቆመ። ጨለማ ሲሆን ሴማስቲያ ግቢ ገባሁ።

ስለዚህ ተቋም ጥቂት ልበል፤ ብዙ የኛ አገር መምህራን ስሙን ሰምተው ታሪኩን አያውቁትም። እ.ኤ.አ. በ1998 የኬንያ መንግሥት ከጃፓኑ የትብብር ድርጅት ከጃይካ ጋር ሆኖ የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስና የሒሳብ መምህራንን በሥራ ላይ እያሉ የማሠልጠን ፕሮጀክት ጀመረ። ስማሴ ይሉታል። በጥቂት ወረዳዎች ተሞክሮ ቆይቶ አገር አቀፍ ሆነ፤ ከዚያም የጎረቤትና የሩቅ የአፍሪካ አገሮች መምህራን ካረን እየመጡ ይሠለጥኑበት ጀመር። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2011 ተመሳሳይ ፕሮጀክት በጃይካ ድጋፍ ተጀምሮ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል መምህራን ሠልጥነውበታል። የአሠራሩ መሠረት አጭር ነው፦ ተማሪው በእጁ ይሥራ፤ ሙከራ ይኑር፤ የላብራቶሪ ዕቃ ከሌለ ካለው ነገር ይሠራ፤ መምህሩ ያቅድ፣ ያስተምር፣ ይመልከት፣ ያሻሽል። ሲነገር ቀላል ነው። ከአራቱ የመምህሩ ሥራዎች አስቸጋሪው ሦስተኛው መሆኑን ያወቅሁት እዚያ ነው።

ካርቶኔ ባለመምጣቱ የእኔ ማቅረቢያ ሊሰረዝ ነበር። የከርከዴ ውሃ አሲድንና ቤዝን እንዴት እንደሚለይ ላሳይ ነበር ሐሳቤ። የግቢው ላብራቶሪ ቴክኒሽያን፣ ፀጉራቸው የሸበተ አባት፣ ችግሬን ሰምተው ዝም ብለው ወጡ። ሲመለሱ በመዳፋቸው ሙሉ ቀይ የሂቢስከስ አበባ ይዘዋል። የግቢው አጥር ነው ለካ! ከርከዴም የዚያው የሂቢስከስ ዘር ነው። አበባውን ቀጥቅጠን በሙቅ ውሃ ዘፈዘፍነው፤ ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ደመቅ ብሎ ቀላ፤ ከወጥ ቤት ያስመጣነው የአመድ ውሃ ሲጨመርበት አረንጓዴ ሆነ። የኬንያ መምህራን ይህን በራሳቸው አበቦች ሲሠሩት ኖረዋል፤ አዲስ ነገር አላመጣሁላቸውም። ግን ከማላዊ የመጣ መምህር «ተማሪዎችህ የትኛው አበባ እንደማይሠራ ፈልገው ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። የሚሠራውን ብቻ ነበር የምናሳያቸው። ጥያቄውን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ አሁን በየዓመቱ የመጀመሪያው የቤት ሥራዬ ነው።

በማግስቱ ከአካባቢው ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ተማሪዎች መጡ፤ ከኛ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ጋር የሚመጣጠኑ ናቸው። አንዲት የናይሮቢ መምህርት ታስተምራለች፤ እኛ ከየአገሩ የመጣነው ቆመን እንከታተላለን። ይህ አሠራር ጃፓን ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ነው፦ መምህራን አብረው አንድ ትምህርት ያቅዳሉ፤ አንዱ ያስተምራል፤ ሌሎቹ ያያሉ፤ ከዚያ ተቀምጠው ይነጋገራሉ፤ አሻሽለው ሌላ ክፍል ላይ ይደግሙታል። ከመግባታችን በፊት አስተባባሪዋ አንድ ነገር አስጠነቀቀችን፦ መምህርቷን አትዩ፤ ተማሪዎቹን እዩ። ለእያንዳንዳችን አንድ ጠረጴዛ ተመደበልን።

ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ (ሲፒዲ) ያለፈበት የኢትዮጵያ መምህር ይህ ማስጠንቀቂያ ምን ያህል እንግዳ እንደሆነ ይገባዋል። የኛ የክፍል ምልከታ ሱፐርቫይዘር ወይም ምክትል ርእሰ መምህር ቼክሊስት ይዞ ከኋላ ተቀምጦ የሚሞላው ነው። መምህሩ በሰዓቱ ገብቷል? ዕለታዊ ዕቅድ ይዟል? ድምፁ ይሰማል? ሰሌዳ አጠቃቀሙስ? ሁሉም ስለ መምህሩ ነው። በዓመት 60 ሰዓት ሲፒዲ መሥራት እንዳለብን መመሪያው ይላል፤ ሰዓቱም ፖርትፎሊዮ ውስጥ ተሞልቶ ይገኛል። በዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ አንድ ተማሪ በአንድ ፔሬድ ውስጥ ምን እንዳሰበ የተጻፈ አንብቤ አላውቅም።

ትምህርቱ ስለ ውሃ መፍላት ነበር። መምህርቷ «ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» አለች። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «መቶ!» አለ። ለየጠረጴዛው ማንደጃ፣ ቢከርና ቴርሞሜትር ታደለ። እኔ የተመደብኩበት ጠረጴዛ ላይ አራት ልጆች ነበሩ፤ መዝጋቢዋ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች፣ እርሳሷን በጣቶቿ መሃል የምታሽከረክር ልጅ ናት። ውሃው ሞቀ፤ ከቢከሩ ሥር ትንንሽ አረፋዎች ተነሡ፤ ኋላ መንተክተክ ጀመረ። ቴርሞሜትሩ 94 ላይ ሲደርስ ቆመ። እሳቱን ጨመሩት፤ 94። ጠበቁ፤ 94። ልጅቷ «94» ብላ ጻፈች። ከዚያ ጎኗ የተዘረጋውን መጽሐፍ አየች። ላጲስ አነሣች። ሰረዘችና «100» ብላ ጻፈች።

ናይሮቢ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ይቀንሳል፤ ግፊቱም ይቀንሳል፤ ውሃውም ለመፍላት የሚያስፈልገው የሙቀት መጠን ያንሳል። ስለዚህ ናይሮቢ ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ገደማ ነው። የልጅቷ ቴርሞሜትር ደህና ነበር፤ ዓይኗም ደህና ነበር። ትክክለኛውን መልስ በገዛ እጇ ለክታ፣ ጽፋ፣ በገዛ እጇ አጠፋችው። ሳይንስ እናስተምራለን ብለን የገባንበት ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ ዓይኗን አለማመን ስትማር አየሁ። መምህርቷ በዚያ ሰዓት ሌላ ጠረጴዛ ላይ እሳት ታስተካክል ነበር። አርባ ልጅ ይዞ ማንም መምህር ያንን ሊያይ አይችልም።

ከሰዓት በኋላ ለውይይት ስንቀመጥ ያየሁትን ተናገርኩ። እኛ አገር ቢሆን መምህርቷ ራሷን ለመከላከል ትነሣ ነበር፤ ባልደረባ ፊት ስህተት ሲነገር ከሥራ አፈጻጸም ነጥብ ጋር የተያያዘ ይመስለናል። እሷ ግን እስክሪብቶዋን አነሣችና «ከመሰረዟ በፊት ወዴት አየች? ጓደኛዋን ነው ወይስ እኔን?» አለችኝ። መጽሐፉን፣ አልኳት። ጻፈችው። ሌሎቹም ያዩትን ጨመሩ፤ አንዱ ጠረጴዛ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ጠይቋል፤ አንዱ ጠረጴዛ ላይ አንድ ልጅ ብቻ «94 ነው» ብሎ ተከራክሮ በሦስት ድምፅ ተረትቷል።

ያን ማታ ዕቅዱን እንደገና ጻፍነው። መጽሐፍ አይከፈትም፤ የሁሉም ጠረጴዛ ቁጥር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ ስልክ ይደወላል። በማግስቱ ሌላ መምህር ሌላ ክፍል ላይ አስተማረው። ሰሌዳው ላይ 94፣ 93፣ 94፣ 95 ተጻፈ። ሞምባሳ ያለ የፊዚክስ መምህር በስልክ ድምፅ ማጉያ «የኛ 100 ነው፤ ባሕሩ እዚሁ ነው» አለ። ተራው የእኔ ሲሆን ደብረ ብርሃን ደወልኩ። የኛ ላብራቶሪ ቴክኒሽያን ከሌሊቱ ቅዝቃዜ ያልወጣውን ውሃ ጥዶ ሲጠብቀኝ ኖሯል። ከተማችን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። «90 ተኩል!» አለኝ። ለልጆቹ በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው። ክፍሉ ተንጫጫ። አንድ ልጅ እጁን አወጣና «እናንተ አገር ሻይ ቀዝቃዛ ነው ማለት ነው?» አለ።

አዎ፣ አልኩት። ከሞምባሳ ሻይ በዘጠኝ ተኩል ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ባቄላውም ንፍሮውም ቶሎ የማይበስለው ለዚያ ነው፤ እናቶቻችን ድስቱ ላይ ድንጋይ የሚጭኑትም ክዳኑን አጥብቆ እንፋሎቱን ለመያዝ ነው። ልጁ ቀጠለ፦ «እና በጣም ከፍ ያለ ተራራ ላይ ውሃው እየፈላ እጅ ማስገባት ይቻላል?» መምህሩ መልስ አልሰጠውም፤ ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጻፈና ለክፍሉ ተወው። ልጆቹ ከቁጥሮቹ ተነሥተው በየሦስት መቶ ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ ራሳቸው ደረሱበት። ማንም ላጲስ አላነሣም።

እዚህ ላይ ፕላዝማን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎቻችን ውስጥ በሳተላይት የሚተላለፍ፣ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ የቴሌቪዥን ትምህርት ገባ። ያኔ የተማሩ ያስታውሱታል። ሥዕሉ ጥሩ ነበር፤ ሙከራው ጥሩ ነበር፤ ግን ፕላዝማው ጥያቄ አይሰማም፤ ጠረጴዛ ላይ የተሰረዘ ቁጥር አያይም። መምህሩ ከጎኑ ቆሞ ጠባቂ ሆነ። ከውጭ ትምህርት ማምጣት ማለት የውጭ ትምህርት በስክሪን ማምጣት እንዳልሆነ አምናለሁ። ከውጭ ይዞ መምጣት ያለበት መምህሩ ነው፤ ሄዶ፣ አይቶ፣ ተከራክሮ የሚመለስ መምህር።

ከናይሮቢዋ መምህርት ጋር ስንለያይ አንድ ነገር ተስማማን፤ በመጋቢት ጥላ እንለካለን። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ኤራቶስቴንስ የተባለው ሊቅ እስክንድርያና ዛሬ አስዋን በምትባለው ከተማ ያለውን የቀትር ጥላ አነጻጽሮ የምድርን ዙሪያ አስልቶ ነበር። እሱ የተጠቀመባቸው ሁለቱም ከተሞች ግብፅ ውስጥ ናቸው። እኛ ምድር ወገብን ማዶና ማዶ ይዘናታል፤ ደብረ ብርሃን ከሰሜን፣ ናይሮቢ ከደቡብ።

መጋቢት 11 ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት ቀን ነው። አንድ ሜትር ዱላ ግቢው መሃል አቆምን፤ ተማሪዎች በውሃ ልክ ቀጥ አደረጉት፤ ነጭ ወረቀት አነጠፉ። ናይሮቢ ስደውል «ደመና!» አለችኝ። በዚያ ወር ረጅሙ ዝናባቸው ይጀምራል። እኛ ዘንድ ፀሐይዋ ወለል ብላ ወጥታለች፤ እነሱ ዘንድ ጥላ የለም። ተማሪዎቼ አዘኑ፤ ቀኑ አለፈ አሉ። ተቀምጠን አሰብንበት። ቀኑ ቢያልፍ ፀሐይዋ በጥቂቱ ወደ ሰሜን ትገፋለች፤ የኛ ጥላ ትንሽ ያጥራል፤ የእነሱ በዚያው ልክ ይረዝማል። ሁለታችን በአንድ ቀን እስከለካን ድረስ ውጤቱ ያው ነው። ይህን ያወጣችው አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ደመናው ባይኖር ኖሮ ጥያቄውም አይነሣም ነበር።

በማግስቱ በናይሮቢም ፀሐይ ወጣች። ልጆቹ በስድስት ሰዓት ጥላው ያጥራል ብለው ቆመው ነበር፤ ስድስት ሰዓት አልፎ ጥላው አሁንም እያጠረ ነው። ከሁሉ ያጠረው ስድስት ተኩል ገደማ ላይ ነው። ናይሮቢ ወደ ምዕራብ ስለምታዘነብል አሥር ደቂቃ ያህል ቆይታ ደረሰች። የኛ ጥላ 16 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ወደ ደሴ አቅጣጫ ወደቀ። የእነሱ 3 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ግን ወደ ታንዛኒያ! ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ትንሹን ማዕዘን ከትልቁ እንቀንስ አሉ፤ ግማሾቹ ጥላዎቹ ተቃራኒ ስለሆኑ እንደምር አሉ። ክርክሩ የምሳ ሰዓታቸውን በላ፤ ማንም አልሄደም። በመጨረሻ ብርቱካን አምጥተው ሁለት ክብሪት እንጨት ሰኩበትና ስልክ መብራት አበሩበት። መደመር ነበረበት። 9.1 እና 1.7፤ ድምሩ 10.8 ዲግሪ። ከካርታ ላይ በሰሜን-ደቡብ መስመር ያለውን ርቀት 1,210 ኪሎ ሜትር ብለው ወሰዱ። ሲያሰሉት 40,300 ኪሎ ሜትር ገደማ መጣ። ምድር በሁለቱ ዋልታዎች በኩል ስትለካ ዙሪያዋ 40,008 ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ ዱላ፣ በአንድ ማስመሪያና በአንድ ስልክ! ቁጥሩን አንዱም አልሰረዘውም።

የክፍል ምልከታውን ግን ትምህርት ቤታችን ውስጥ ማስጀመር ከጥላው ይልቅ ከብዶኛል። ባልደረቦቼ ጥሩ መምህራን ናቸው፤ ግን «ክፍልህ ልግባ» ሲባሉ የሚገመገሙ ይመስላቸዋል፤ የኖርንበት አሠራር ያስተማረን ይህን ነው። መጀመሪያ እኔ ክፍል ገብቶ ያየልኝ የአማርኛ መምህሩ ነው። ፊዚክሱን ስለማያውቀው ልጆቹን ብቻ አየ፤ ሲወጣ «መስኮት ሥር ያለው ልጅ መልሱን ሦስቴ በከንፈሩ ተናግሮ ሦስቴም እጁን አላወጣም» አለኝ። ያንን ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሰነፍ ነው ብዬ የያዝኩት አልነበረም፤ ጭራሽ አላየሁትም ነበር። አሁን የባዮሎጂዋ እትዬም ትመጣለች፤ እኔም እሷ ክፍል እገባለሁ።

ስለዚህ ሦስት ወገኖችን እለምናለሁ። ደብዳቤ የምትመሩ ኃላፊዎች፣ ለመምህር የመጣ ጥሪ መዝገብ ቤት አይደር፤ ክትባቱም ፓስፖርቱም ጊዜ ይፈልጋል። ሲመረጥም ነገ ጠዋት ጠመኔ የሚይዘው ይሂድ። ርእሳነ መምህራን፣ ከውጭ የተመለሰ መምህር ሪፖርት ጽፎ ፋይል ውስጥ ከሚያስገባ ይልቅ አንድ ከሰዓት ስጡት፤ ባልደረቦቹ ፊት ያስተምር፤ ቼክሊስቱ ግን ቢሮ ይቅር። አንተ ደግሞ ጋምቤላም ሁን ጎንደር፣ ጂጂጋም ሁን ጂማ፣ የሳይንስ መምህር የሆንክ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ከተማችሁ ውስጥ ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ነገውኑ ከተማሪዎቻችሁ ጋር ለኩ። ስትለኩ አንድ ባልደረባ ጥሩና የልጆቹን እጅ ያይላችሁ።